ያፋጠነ ይጠየቃል ወይ?

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ጥያቄያችንን ከመነሻው እናስቀምጠው። አንድን ክፉ ነገር የፈጠረ ሰው ስለ ሥራው እንደሚጠየቅ ሁላችንም እንስማማለን። ነገር ግን ምንም ያልፈጠረ፣ የተጀመረውን ብቻ ያፋጠነ ሰው አለ። ክብሪቱን አልጫረም፤ እሳቱን ግን አራግቧል። ወሬውን አላወጣም፤ ግን አድርሷል። ይህ ሰው ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው። «እኔ አልጀመርኩትም፤ እኔ ባልኖርም መሆኑ አይቀርም ነበር» ይላል። ይህ መልስ ያዋጣል ወይስ አያዋጣም? የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይኸው ነው።

ጥያቄውን ያመጣብን መጽሐፍ አይደለም። ባለፈው ዓመት ከብሎካችን የአንዱ ልጅ አባት ዐረፉ። አጎቱ በዚያው ዕለት ማታ መጥተው ወደ አገር ቤት ይዘውት ሄዱ። እንደ ወጉ ሁላችንም ካለችን አዋጣን፤ 1,840 ብር ተሰበሰበ። ገንዘቡን የሰበሰበው ከእኛ ክፍል ሦስተኛው በር ላይ የሚያድር፣ ዝም ያለ፣ ሰው የማይነካ ልጅ ነበር። በሦስተኛው ቀን አንዱ ጓደኛችን ሐዘንተኛውን ለማጽናናት ደውሎ ስለ መዋጮው ቢያነሣበት «ኧረ እኔ ምንም አልደረሰኝም» አለው። ይህችው ወሬ እኛ ዘንድ ደረሰች። እኛ፣ ማለትም ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው አራት የአንድ ዶርም ልጆች፣ «መዋጮው አልደረሰም አሉ» ብለን በብሎኩ የስልክ ቡድን ላይ ጻፍን። አንድ መስመር ናት። «አሉ» የምትለዋን ቃል እንኳ አላስቀረንም።

ለእራት ካፌ ስንደርስ «አሉ» ወድቃለች። «አልደረሰም» የነበረውም «በልቶታል» ሆኗል። ማታ ሰባት ስምንት የሚሆኑ ልጆች በሩ ላይ ቆመው «አውጣ!» ይሉት ነበር። ሊያስረዳ ሞከረ፤ የሚሰማው ግን አላገኘም። በማግስቱ ጠዋት ሻንጣውን ተሸክሞ ወጣ። በአምስተኛው ቀን ነገሩ ተጣራ። ልጁ ገንዘቡን በዚያ ማታ በዋናው በር ላይ ለአጎትየው ቆጥሮ በእጃቸው ሰጥቷቸው ኖሯል፤ እሳቸውም በለቅሶው ግርግር ለልጁ ሳይነግሩት ቆይተዋል። እንግዲህ መጀመሪያ ላይ የዋሸ ሰው አልነበረም። ሌባም አልነበረም። አንድ ንጹሕ ሰው ግን ከመካከላችን ወጣ።

ታዲያ ማን ይጠየቅ? እርስ በርሳችን ስንነጋገር ሁላችንም ያንኑ የታወቀ መልስ ያዝን፤ «እኛ ወሬውን አልፈጠርነውም» አልን። በዚያው ሳምንት በሥነ ሕይወት ትምህርት ስለ ኢንዛይም ተምረን ነበርና ከመካከላችን አንዱ «እኛ ኢንዛይም ነን፤ ኢንዛይም ያፋጥናል እንጂ አይፈጥርም» ብሎ አሳቀን። ሳቁ ብዙ አልቆየም፤ ቀልዱ ግን አልለቀቀንም። ስለዚህ እስቲ ቀልዱን የምር እናድርገውና ኢንዛይም ጠበቃ ሆኖ ሊቆምልን ይችል እንደሆነ እንመርምር።

በላብራቶሪ ያየነው ቀላል ነገር ነው። በሁለት የመስታወት ቱቦዎች ስታርች የሟሟበት ውሃ ይደረጋል። ስታርች አዮዲን ሲነካው ወደ ጥቁር የሚያደላ ሰማያዊ ይሆናል። በአንደኛው ቱቦ ምራቅ፣ በሁለተኛው ደግሞ አስቀድሞ የተፈላ ምራቅ ይጨመራል። ጥቂት ቆይቶ በአዮዲን ሲፈተን ሁለተኛው ሰማያዊ ይሆናል፤ የመጀመሪያው ግን ሰማያዊነቱ የለም። በምራቃችን ውስጥ ያለው አሚሌዝ የሚባለው ኢንዛይም ስታርቹን ቆራርጦ ወደ ስኳር ለውጦታል፤ የተፈላው ግን ቅርጹን ስላጣ ሥራውንም አጥቷል። ላብራቶሪ ለሌለው ቁራሽ ዳቦ ይበቃዋል፤ ሳይውጥ አላምጦ ቢያቆየው እየጣፈጠው ይሄዳል። እናቶቻችን ጠላ ሲጠምቁ የሚያደርጉትም ይህንኑ ነው። ገብስ ተነክሮ ሲበቅል በውስጡ አሚሌዝ ይበዛል፤ ብቅሉ ከጥንስሱ ሲገባ ስታርቹን ስኳር ያደርገዋል፤ ስኳሩን ደግሞ እርሾው ወደ አልኮል ይለውጠዋል። ስሙም ከዚያው ከጋኑ ሰፈር የመጣ ነው። ኢንዛይም ማለት በግሪክ «በእርሾ ውስጥ» እንደ ማለት ሲሆን፣ ቃሉን በ1870ዎቹ ያወጣው ጀርመናዊው ቪልሄልም ኪውነ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በዚያ ዘመን አንድ ትልቅ ክርክር ነበር። ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር «መብላላት የሕያው ነገር ሥራ ነው፤ ሕያው እርሾ ከሌለ የለም» ይል ነበር። ጀርመናዊው ዩስቱስ ፎን ሊቢግ ደግሞ «ይህ ተራ ኬሚስትሪ ነው» ይል ነበር። ሁለቱም ከሞቱ በኋላ፣ በ1897፣ ኤድዋርድ ቡክነር እርሾን ከአሸዋ ጋር ፈጭቶ ጭማቂውን ጨመቀው። ጭማቂው እንዳይበላሽ ብሎ ስኳር ቢጨምርበት አረፋ መድፈቅ ጀመረ። አንድም ሕያው እርሾ በሌለበት ስኳሩ ወደ አልኮልና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተለወጠ። ለዚህም በ1907 የኖቤልን ሽልማት አገኘ። ቆየት ብሎ በ1926 አሜሪካዊው ጄምስ ሰምነር ዩሪየዝ የሚባለውን ኢንዛይም ከአንድ የባቄላ ዓይነት አውጥቶ እንደ ጨው ፍሬ አረጋውና ፕሮቲን መሆኑን አሳየ። ዛሬ አብዛኞቹ ኢንዛይሞች ከ20 ዓይነት አሚኖ አሲዶች የተሰካኩ ፕሮቲኖች መሆናቸውን፣ ጥቂቶቹ ደግሞ ከአርኤንኤ የተሠሩ መሆናቸውን እናውቃለን።

ይህ ታሪክ ለጉዳያችን የሚጠቅመው በአንድ ነገር ነው። የሚያፋጥነው ነገር ፈቃድና አሳብ ሊኖረው እንደማያስፈልግ አሳይቶናል። በቡክነር ብርጭቆ ውስጥ ማንም አልነበረም። ሥራው ግን ተሠርቷል። ስለዚህ ኢንዛይምን «ለምን?» ብሎ የሚጠይቅ ዳኛ የለም። ይህን በኋላ እንመለስበታለን።

አሁን መምህራችን የነገሩንን አስተውሉ። «ኢንዛይም ለውጡን ያፋጥነዋል እንጂ መድረሻውን አይለውጠውም» ብለውናል። በአንድ ተራራ ግራና ቀኝ ሁለት መንደሮች አሉ እንበል፤ አንደኛው ደጋ፣ ሌላው ቆላ። እህል ከደጋ ወደ ቆላ መውረድ ይወዳል፤ ግን በመካከሉ ዳገት አለበትና ዳገቱን ካልወጣ አይወርድም። ኢንዛይም መንደሮቹን ከቦታቸው አያነቃንቃቸውም። የሚያደርገው በዳገቱ ወገብ ላይ አቋራጭ መጥረግ ነው። በአቋራጩም ከዚህ ወደዚያም ከዚያ ወደዚህም መሄድ ይቻላል። ሥራውን ሲጨርስም እንደ ነበረ ሆኖ ሌላ ሸክም ይቀበላል። በደማችን ውስጥ ያለው ካርቦኒክ አንሃይድሬዝ በሰከንድ እስከ አንድ ሚሊዮን የሚደርስ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሞለኪውል ያስተናግዳል።

እንግዲህ የእኛ ሦስት መከላከያዎች ከዚህ ተነሡ። አንደኛ፣ «ባንኖርም መሆኑ አይቀርም ነበር»። ሁለተኛ፣ «እኛ አቅጣጫ አልመረጥንም፤ የነበረውን ነው ያስተላለፍነው»። ሦስተኛ፣ «ነገሩ በእኛ በኩል አለፈ እንጂ እኛን አልነካንም»። አንድ በአንድ እንያቸው።

አንደኛውን እንያዝ። ዲኤንኤና አርኤንኤ ከሚጻፉባቸው ፊደሎች አንዳንዶቹ ሲሠሩ አንድ ትንሽ ደረጃ አለች። ከአንድ ሞለኪውል ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚነሣበት ደረጃ ነው። አና ራድዚችካና ሪቻርድ ዎልፈንደን በ1995 እንዳሳተሙት፣ ይህ ለውጥ ያለ ኢንዛይም፣ በውሃ ውስጥና በክፍል ሙቀት ቢተው፣ ካለው ሞለኪውል ግማሹ እስኪለወጥ 78 ሚሊዮን ዓመት ያህል ይፈጃል። ኢንዛይሙ ባለበት ግን ከአንድ ሰከንድ ያነሰ ጊዜ ይበቃዋል። አሁን ኢንዛይሙ አፍ ቢኖረውና «እኔ ባልኖርም መሆኑ አይቀርም ነበር» ቢል እውነቱን ነው? በኬሚስትሪ መዝገብ እውነቱን ነው። በሕይወት መዝገብ ግን ፍጹም ሐሰት ነው። ለሰባና ለሰማንያ ዓመት ለሚኖር ፍጡር ከ78 ሚሊዮን ዓመት በኋላ የሚመጣ ነገር የማይመጣ ነገር ነው።

ሩቅ ሳንሄድ በሻይ ቤት ጠረጴዛ ላይ ያለውን ስኳር እንመልከት። ከአየሩ ኦክስጂን ጋር ተዋሕዶ ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ መሆን «አይቀርለትም»፤ የጉልበቱ ሒሳብ እንደዚያ ይላል። ሆኖም ዕቃው ውስጥ ለዓመታት ይቀመጣል። ይህ አንባቢ የያዘው ወረቀትም እንዲሁ ነው፤ በሒሳቡ መቃጠል ይገባዋል፤ ግን በሰላም ይነበባል። ዓለም የቆመችው ሊሆኑ የሚችሉ ነገሮች ሁሉ ወዲያው ስለማይሆኑ ነው። መዘግየት ራሱ መጠለያ ነው።

በሰው ነገር ደግሞ ይህ ይበልጥ ይሠራል። ወሬው ከእኛ በፊት ነበረ፤ ከእኛ በኋላም ሳይወራ አይቀርም ነበር። ግን በአምስተኛው ቀን እውነቱ ወጥቷል። ወሬው በእግሩ ቢሄድ ኖሮ፣ ከአፍ ወደ ጆሮ፣ ከአንድ ክፍል ወደ ሌላው ቀስ እያለ ቢዘልቅ ኖሮ፣ እውነቱ መንገድ ላይ ያገኘው ነበር። እኛ የሰረቅነው እነዚያን ሁለት ቀኖች ነው። ልጁ ደግሞ የሚያስፈልገው ሁለት ቀን ብቻ ነበር። ስለዚህ «አይቀርም ነበር» ማለት አያዋጣንም። ለሚኖርና ለሚሞት ሰው «መቼ» የሚለው ከ«ምን» ተለይቶ የሚታይ ነገር አይደለም። ያፋጠነ ሰው አድርጓል።

ሁለተኛው መከላከያ ይበልጥ የረቀቀ ነው። «መድረሻውን አልቀየርንም» ይላል። አንድን ለውጥ ነጥለን ካየነው እርግጥ ነው፤ ኢንዛይም መድረሻውን አይቀይርም። ነገር ግን በሕዋስ ውስጥ አንድ ነገር አንድ መንገድ ብቻ የለውም። ያው አንዱ ግሉኮስ በእርሾ እጅ ቢገባ አልኮል ይሆናል። በላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች እጅ ቢገባ ያ የእርጎን ኮምጣጣነት የሚሰጠው አሲድ ይሆናል። በእኛ አካል ኦክስጂን እያለ ሲቃጠል ደግሞ ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል፤ በሩጫ ጊዜ ኦክስጂን ሲያጥር በጡንቻችን ውስጥ ወደዚያው የእርጎ አሲድ ዘር ይዞራል። ስኳሩ አንድ ነው፤ ሊሆን የሚችለው ብዙ ነው። ከብዙዎቹ የትኛው እንደሚሆን የሚወስነው የትኛው ኢንዛይም እንደተገኘ ነው። አንዱን መንገድ ማፋጠን ሌሎቹን ማስቀረት ነው።

ያች በስልክ የመጣችልን ወሬም እንደ ስኳሩ ብዙ መንገድ ነበራት። «ገንዘቡ አልደረሰኝም» ከሚለው ቃል ተነሥቶ «እስቲ ልጁን እንጠይቀው» የሚል መንገድ ነበር፤ ሦስት በር ነው የሚርቀን። «እስቲ አጎትየውን እንደውልላቸው» የሚልም ነበር። «ነገ እናጣራ» የሚልም ነበር። እኛ ከእነዚህ ሁሉ አንዱን ጠረግን። ሰው ሁሉ የሚሄደው በተጠረገው ነውና ሌሎቹ መንገዶች ዳዋ በላቸው። «አቅጣጫ አልመረጥንም» የምንለው እንግዲህ በዚህ ላይ ይወድቃል። መንገድ የጠረገ ሰው አቅጣጫ መርጧል።

ሦስተኛው «እኛን አልነካንም» የሚለው ነው። ኢንዛይም ከሥራው በኋላ እንደ ነበረ ይሆናል ብለናል። ሆኖም በሥራው ጊዜ ምን ይሆናል? ኤሚል ፊሸር በ1894 ኢንዛይምንና የሚሠራበትን ነገር በቁልፍና በመቆለፊያ መስሏቸው ነበር። በ1958 ግን ዳንኤል ኮሽላንድ ምሳሌው እንደማይበቃ አሳሰበ። ኢንዛይሙ እንደ ብረት ደርቆ አይጠብቅም፤ የመጣውን ነገር ሲያቅፍ ራሱም ይታጠፋል፣ ይለጠጣል። እጅና ጓንቲ ቢባል ይቀርባል። እንግዲህ ከሁሉ ይበልጥ ምንም የማይነካው የሚመስለው ነገር እንኳ ለቅጽበት የሥራው አካል ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ነው የሚመለሰው። ሰው ግን አይመለስም። ዛሬ ባንዱ ላይ ያለ ማጣራት የጻፈ እጅ ነገ ለመጻፍ ይቀለዋል። እኛ ያችን መስመር ከጻፍን በኋላ ያው ነን ብንል ውሸት ይሆንብናል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር እንጨምር። አካላችን ራሱ የሚያፋጥን ነገርን ልቅ አይለቅም። በቆሽታችን ውስጥ ፕሮቲን የሚቆርጡ ኢንዛይሞች ይሠራሉ። ከነዚህ አንዱ ትሪፕሲን ነው። ቆሽት ራሱም ከፕሮቲን የተሠራ ስለሆነ ትሪፕሲን እዚያው ቢነቃ ቤቱን ይበላል። ስለዚህ ቆሽት የሚሠራው ትሪፕሲንን ሳይሆን ትሪፕሲኖጅን የሚባለውን፣ አፉ የታሰረውን ዓይነት ነው። በዚያም ላይ በስሕተት የነቃ ቢኖር የሚይዘው ሌላ ፕሮቲን አብሮ ያስቀምጥለታል። ማሰሪያው የሚፈታው ትንሹ አንጀት ከደረሰ በኋላ፣ ምግቡ ባለበት ቦታ፣ በሌላ ኢንዛይም ነው። ይህ ሥርዓት ሲዛባና ኢንዛይሙ ያለ ጊዜው ያለ ቦታው ሲነቃ ቆሽት ራሱን መፍጨት ይጀምራል፤ ሕመሙም ለሞት ሊያደርስ ይችላል። የእኛ ሰው በጣም ሲናደድ «ቆሽቴ አረረ» ይላል። አባባሉ ላብራቶሪ ሳያይ ወደ እውነቱ ተጠግቷል።

እንግዲህ ፍጥነት ለሕይወት የግድ ከሆነ ልጓሙም የዚያኑ ያህል የግድ ነው። በር፣ ጊዜና ቦታ ያስፈልገዋል። የእኛ በር የቱ ነበር? ከባድ ነገር አልነበረም። ስሙ የተነሣውን ሰው አስቀድሞ መጠየቅ ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና የሰው ስም ያለበት ነገር ከአፍ ከመውጣቱ በፊት በዚያ በር ማለፍ ነበረበት።

አንባቢ እዚህ ላይ ቢያቋርጠን እንወዳለን። «ወንድሞቼ፣ ከኬሚስትሪ ሥነ ምግባር ይወጣል እንዴ? ስታርችና ስኳር ስለ ሐሜት ምን ያውቃሉ?» ቢለን ትክክል ነው። ስኮትላንዳዊው ዴቪድ ሂዩም በ1739ና በ1740 ባሳተመው መጽሐፉ «ነው» ከሚለው ተነሥቶ «ይገባል» ወደሚለው ዘሎ መሻገር እንደማይቻል አስገንዝቧል። የተፈጥሮን ነገር ለሰው ሕግ አድርገው የወሰዱ ሰዎች ምን ዓይነት ግፍ እንደ ሠሩም ታሪክ ያውቀዋል። ስለዚህ እኛ «ኢንዛይም እንዲህ ስለሚያደርግ እኛም እንዲህ ይገባናል» አንልም። የምንለው ከዚህ ያነሰ ነው። ኢንዛይምን ለጥብቅና የጠራነው እኛ ነን፤ ቀርቦ ሲመሰክር ግን ለእኛ አልመሰከረልንም። ይኸው ነው። ግዴታው ከየት ይመጣል ከተባለ፣ ከዚያ በር ጀርባ ከተቀመጠው ልጅ ይመጣል እንላለን። ኢንዛይምና እኛ የምንለያይበትም ቦታ ይህ ነው። በቡክነር ብርጭቆ ውስጥ ማንም አልነበረም፤ በስልካችን ጀርባ ግን እኛ ነበርን። ኢንዛይም እምቢ ማለት አይችልም። እኛ እንችል ነበር።

ሌላም መከራከሪያ አለ። «እንዲህ ከሆነ ሁሉን ማዘግየት፣ ዝም ማለት ይሻላል ማለታችሁ ነው» የሚል ሊኖር ይችላል። አይደለም። የምንተነፍሰው አየር አራት አምስተኛው ገደማ ናይትሮጅን ነው፤ ሆኖም በዚያ ሁሉ ናይትሮጅን መካከል ተክል በናይትሮጅን እጦት ይቀጭጫል፤ ዳገቱ ከፍተኛ ነውና። በባቄላ ሥር ላይ ባሉ እብጠቶች የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናይትሮጅኔዝ በሚባል ኢንዛይም ይህን ዳገት ይሻገሩታል። ፍሪትዝ ሐበር ደግሞ በ1909 በከፍተኛ ግፊት፣ በከፍተኛ ሙቀትና በብረታ ብረት አፋጣኝ ናይትሮጅንን ወደ አሞኒያ መለወጥ ቻለ፤ በ1913 በፋብሪካ መመረት ጀመረ። ከዚያው አሞኒያ ለማሳው ማዳበሪያ ወጣ፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ ፈንጂ ወጣበት። ማፋጠን በራሱ ኃጢአት አይደለም፤ ጽድቅም አይደለም። ምንን፣ ወዴት፣ በማን ላይ የሚለው ነው የሚያስጠይቀው።

ደግሞስ ለማፋጠን ምስጋና ስንሰጥ እንኖር የለም ወይ? አዋላጅ ሕፃኑን አልፈጠረችውም፤ ምጡንም አልጀመረችውም። ግን ማንም እናት «አንቺ ባትኖሪም መወለዱ አይቀርም ነበር» ብላ አዋላጇን ባዶ እጇን አትሸኝም። ሶቅራጥስ እናቱ አዋላጅ ነበረችና፣ ፕላቶ እንደ ጻፈው፣ የራሱንም ሥራ አዋላጅነት ይለው ነበር፤ እውቀትን ከሰው ልብ ያዋልዳል እንጂ አይሰጥም። መምህር ለተማሪው፣ ሽማግሌ ለተጣሉ ሰዎች የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። እነዚህን ሁሉ እናመሰግናለን። እንግዲህ በጎውን ያፋጠነ የሚመሰገን ከሆነ ክፉውን ያፋጠነ ለምን ነጻ ይወጣል? ሚዛኑ አንድ ነው። ምስጋናውን በአንድ እጅ ተቀብሎ ወቀሳውን በሌላው መግፋት አይቻልም።

አንድ ነገር ቀርቶናል። አቋራጩ በሁለቱም አቅጣጫ ያስኬዳል ብለን ነበር። ያው ካርቦኒክ አንሃይድሬዝ በአካላችን ዳር ዳር ካርቦን ዳይኦክሳይዱን በደም ውስጥ እንዲጓዝ ለውጦ ያሳፍረዋል፤ ሳንባ ሲደርስ ደግሞ መልሶ ያወጣዋል። ይህን ስናነብ «ታዲያ ወሬውን ያፋጠንን እኛ እርምቱንም እናፋጥን» አልን። በዚያው ቡድን ላይ «ገንዘቡ ደርሷል፤ ልጁ ንጹሕ ነው፤ ጥፋቱ የእኛ ነው» ብለን ጻፍን። አንድ መስመር ናት፤ ርዝመቷም እንደ መጀመሪያዋ ነው። ለእራት ካፌ ስንደርስ ማንም አላነሣትም። በማግስቱም አልተነሣችም። ሐሰቱን ከሰዓት በኋላ ብቻ ያሻገረው ሕዝብ ለእውነቱ አልተነቃነቀም። አንዳንዱ እስከ ዛሬ «ያ ገንዘብ የበላው ልጅ የት ገባ?» ይላል። እውነቱ ኢንዛይም አላገኘም።

ከዚያ በኋላ አንድ የነበረን መንገድ በእግር መሄድ ነበር። አራታችን ተከፋፍለን በር በር እያንኳኳን፣ ያን ማታ «አውጣ!» ያሉትን እያንዳንዳቸውን አገኘናቸው። ከስምንቱ አምስቱ ሰሙን። ሁለቱ «እኛም አሉ ሲባል ሰምተን ነው» አሉን፤ ያ የእኛው መልስ ነበርና ምንም ልንላቸው አልቻልንም። አንደኛው በሩን አልከፈተልንም። ለልጁም ደወልን፤ ስልኩን አነሣ። ይቅርታ ስንጠይቀው ዝም ብሎ አዳመጠንና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀን። «ሦስት በር ነበር የሚርቃችሁ፤ ለምን አልጠየቃችሁኝም?» አለ።

መልስ አልነበረንም። ይህን ጽሑፍ የጻፍነውም መልስ ስላገኘን አይደለም። ልጁ በሚቀጥለው ሴሚስተር ይመለሳል ተብሏል፤ ይህችኛዋን «ተብሏል» ግን ከራሱ ሰምተን ነው የምንጽፋት። ሲመለስ ብሎኩ እንዴት ይቀበለው ይሆን የሚለው ይህን በሚያነብ ሁሉ እጅ ነው። የተጠረገ መንገድ ካገኘ እውነትም ይሮጣል። ስለዚህ ወንድማችን፣ እኅታችን፣ ይህችን መጽሔት አንብበህ፣ አንብበሽ ስትጨርሱ ለሚቀጥለው በር አሻግሯት። ይህን ለማፋጠን ፈቃዳችንን ሰጥተናል፤ ስለ እሱም እንጠየቃለን።